በቡሶላ የተማለ መሐላ

ዜናውን የነገረኝ ራሱ ፈንታው ነው።

ሐዋሳ፣ በምሠራበት የጭነት መኪና ጋራዥ ግምጃ ቤት ውስጥ ቆሜ ለመካኒኮቹ የጠዋቱን እቃ እያደልኩ ነበር። ዐቢይ ጾም ከገባ ሁለተኛው ሳምንት ነው። ስልኩ ላይ የወጣው የወንድሜ የታደሰ ቁጥር ነበር፤ ሳነሳው ግን የሰማሁት የሥራ ባልደረባውን የፈንታውን ድምፅ ነው።

«እታለም፣ አይዞሽ፣ በሕይወት አለ» አለኝ።

ሰው «በሕይወት አለ» ብሎ ወሬ ሲጀምር ምን እንደሚከተል እናንተም ታውቁታላችሁ። ያገኘሁት የዘይት ጀሪካን ላይ ቁጭ አልኩ።

«ምን ሆነ?»

«ቡሶላው ፈነዳ። ቀኝ ዓይኑን መታው። ሐኪሞቹ ዓይኑ አልተረፈም ብለውናል።» ቀጠለና፤ «ያ አንች የላክሽለት ቡሶላ ነው እኮ፣ እታለም። ምን ይደረግ፣ የእግዜር ቁጣ ነው።»

ያቺ «አንች የላክሽለት» የምትል ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀረች። በማግስቱ ቆቦ ሙሉ «የታደሰን ዓይን የእህቱ ስጦታ አጠፋው» ሲል ዋለ። እናትና አባታችን ካለፉ በኋላ ታደሰን ያሳደግሁት እኔ ነኝ፤ ሐዋሳ የወረድኩትም እሱን ለማስተማር ነው። በእኔ እጅ ዓይኑ ጠፋ ተብሎ ሲወራ ምን እንደተሰማኝ ልነግራችሁ አልችልም።

ያን ዕለት ስልኩን ከመዝጋቴ በፊት «ስማ ፈንታው» አልኩት፤ «የተሰበረውን ስብርባሪ አስቀምጥልኝ።»

«ብረቱን? ምን ያደርግልሻል?»

«አስቀምጥልኝ ብያለሁ።»

ይህን ያልኩበት ምክንያት ነበረኝ። ለማታውቁት፣ ቡሶላ እንደ ስኒ ያለ ብረት ነው፤ በአንድ ወገኑ የብሎኑን ዳዶ ያቅፋል፣ በሌላው ወገኑ መፍቻው ላይ ይሰካል። በእጅ የሚዞርም አለ፤ በንፋስ ኃይል የሚደልቅ መፍቻ ላይ የሚሰካም አለ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ለእጅ የሚሆነው ቀጭን፣ ደረቅና የሚያብለጨልጭ ነው። የንፋሱ ዱላ ሲበዛበት አይጣመምም፣ እንደ ብርጭቆ ይበተናል። ለንፋስ የሚሆነው ወፍራምና ጥቁር ነው፤ ዱላውን እየዋጠ ይኖራል።

ታደሰና ፈንታው ቆቦ መውጫ ላይ፣ ከዋናው አስፋልት ዳር፣ ጎሚስታ ናቸው። አምና ኮምፕረሰርና የንፋስ መፍቻ ሲገዙ ታደሰ ደወለልኝ። «እቴ፣ መፍቻውስ ተገኘ፤ ቡሶላ ነው የቸገረን። አንች ብረት ታውቂያለሽ።» እውነቱን ነው፣ አውቃለሁ። ለአንድ ጓንት ሁለት ጊዜ የማስፈርም ሰው ነኝ፤ ስሜ የሺ ነው፣ መካኒኮቹ ግን «የሺ ኬላ» ይሉኛል።

ለወንድሜ ቡሶላ ለመግዛት ሦስት ሱቅ ዞሬያለሁ። የመጀመሪያው ሻጭ በሚያምር ሳጥን የተደረደረ አርባ ቁራጭ አወጣልኝ፤ ዋጋው ረከስ ያለ ነው። እኔ ግን ለጎሚስታ የሚሆኑትን ዐሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ አንድ፣ ሠላሳ ሦስትና አርባ አንድ ቁጥር ብቻ ነበር የፈለግሁት። ሌላው ለሳጥኑ ጌጥ ነው። «አራቱን ብቻ ሽጥልኝ» ስለው «እመቤት፣ ከዶሮ እግሯን ብቻ ይገዛሉ እንዴ?» አለኝ። ወጣሁ። ሁለተኛው ስመ ጥሩውን አሳየኝ፤ ጥሩ ነው፣ ግን የዋጋው ግማሽ ለስሙ ነው። ሦስተኛው ዘንድ ስሙን ሰምቼው የማላውቅ አገኘሁ። ግድግዳው ወፍራም ነው። ስድስት ማዕዘን ነው፤ ዐሥራ ሁለት ማዕዘን ያለው የዳዶውን ጠርዝ እየበላ ያሟልጨዋል። በጎኑ የማያያዣ ችንካር ማስገቢያ ቀዳዳ አለው። የብረቱ ዓይነት በላዩ ላይ ተቀርጿል እንጂ አልታተመም። ከቦርሳዬ ሞረድ አውጥቼ ከሥሩ ፋቅ አደረግሁት።

«ኧረ እቃዬን!» ብሎ ሻጩ ጮኸ።

ከጥቁሩ ሥር ደብዛዛ ግራጫ ወጣ። ቢያበራ ኖሮ ትቼው እሄድ ነበር፤ የሚያበራ ከሆነ የእጅ ቡሶላ ጥቁር ተቀብቶ ነው። አራቱን ገዛሁ፤ ከመላኬ በፊት እንደ ግምጃ ቤት ልማዴ በእያንዳንዱ ሥር በሹል ብረት ሦስት ነጥብ መታሁ። በሥላሴ ስም ነው የመታሁት።

ስለዚህ ፈንታው «አንች የላክሽው ፈነዳ» ሲለኝ፣ ልቤ መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ነጥቦቹ ነው።

በሁለተኛው ቀን ማታ ቆቦ ገባሁ። ታደሰ ግማሽ ፊቱ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሎ ተኝቶ አገኘሁት። ሳለቅስ ሳቀብኝ።

«ተይ እቴ፣ ለጎሚስታ አንድ ዓይን ይበቃዋል። ዳዶ እንደሆን ቀዳዳው አንድ ነው።»

«ቡሶላውን ልየው።»

«ምኑን ታይዋለሽ? የኔ ቀን ነው።»

«ቀን አይሰበርም። የሚሰበር ብረት ነው።»

በማግስቱ ወደ ሱቃቸው ሄድኩ። ከጎናቸው ዘነበች የምትባል ሴት ሻይ ትሸጣለች። ስታየኝ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሳች። ስብርባሪው በባዶ የወተት ቆርቆሮ ውስጥ ነበር። የቀሩት ሦስቱ ቡሶላዎች ምስማር ላይ ተሰቅለዋል። አንድ በአንድ አውርጄ ገለበጥኳቸው። ነጥብ የለም። ሞረዴን አወጣሁና ፋቅኩ። ጥቁሩ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተላጠና ከሥሩ ብረቱ እንደ መስታወት አበራ።

ፈንታው ኮምፕረሰሩን ዘይት ሲያጠጣ ቆይቶ መጣ። ረጅም፣ ሳቂታ፣ ጥርሱ የሚያምር ሰው ነው።

«እታለም! የሐዋሳዋ! ምነው ሳትነግሪን?»

«የኔ ቡሶላዎች የት አሉ?»

«እነዚህ አይደሉ እንዴ!»

«የኔ ላይ ሦስት ነጥብ ነበረበት።»

«ነጥቡ በሥራ ብዛት ይጠፋል እኮ። ዓመት ሙሉ አገልግለዋል።»

«ይሄስ?» ብዬ የተላጠውን አሳየሁት።

አየው። ዓይኑን አንድ ጊዜ ሰበረ፤ ወዲያው ሳቀ። «ብረት ብረት ነው፣ እታለም። ውስጡማ ያው ነው። ደግሞ ታደሰን በጀርባዬ ተሸክሜ ያደረስኩት እኔ ነኝ። ይሄ ነው ምስጋናው?»

እውነቱን ነው፣ ተሸክሞታል። ታደሰም ይህንኑ ነበር የሚደግምልኝ፤ «ደሙ ሸሚዙን እስኪያርሰው ድረስ ነው የሮጠልኝ፤ ተይው።» እኔ ግን «ያሳወረህ ነው የተሸከመህ» አልኩት። የእቃ ሳጥኑ ቁልፍ ያለው ከሁለቱ ሌላ ማንም አልነበረም።

እንግዲህ ልደብቃችሁ የማልፈልገው ነገር አለ። ጸሎቴን የማላጓድል ሴት ነኝ። እነዚያን ሦስት ቀናት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሜ፣ ጠዋትና ማታ ሚካኤል ደጅ ተንበርክኬ የለመንኩት ግን ለወንድሜ ምሕረት አልነበረም። «ጌታዬ፣ ዓይንን በዓይን ክፈልልኝ» እያልኩ ነበር። ጣፋጭ ጸሎት ነበር። እንዲህ ያለ የሚጣፍጥ ጸሎት ከዚያ በፊት ጸልዬ አላውቅም። እንደ ማር ወለላ አፌ ውስጥ ይቀልጥ ነበር።

ቆቦ በገባሁ በአራተኛው ቀን ጉዳዩን ለሽማግሌ ሰጠሁ።

ሦስት ሽማግሌዎች በጎሚስታ ቤቱ ዳስ ጥላ ሥር በጎማ ላይ ተቀመጡ፤ ከሦስቱ ተናጋሪው ሼህ ይማም ናቸው። ቅዳሜ ረፋድ ነበር። ሽንኩርት የጫነ ኢሱዙ የኋላ ጎማው ተንፍሶበት ዳር ይዞ ቆሟል፤ ሹፌሩና ጫኞቹ ክርክሩን ለማየት ከጭነቱ ላይ ወረዱ። ባጃጅ ነጂዎች ተሰበሰቡ። ዘነበች ምድጃዋን ትታ ቆመች። ታደሰ ከኮምፕረሰሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀመጠ።

ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። በዚያው ጠዋት፣ ሽማግሌዎቹ ሳይመጡ፣ የቀሩትን ሦስት ቡሶላዎች እንደገና ፋቅኳቸው። ሠላሳ ሦስት ቁጥሩ ጎን ላይ ከቀለሙ ሥር ፀጉር የመሰለች ስንጥቅ አየሁ። ከአፉ ተነስታ እስከ ወገቡ ትወርዳለች። ሐዋሳ ቢሆን ለማንም ሳልነግር ወደ ቁርጥራጭ በርሜል ነበር የምወረውረው፤ ስንጥቅ ያለበት ቡሶላ አንድ ቀን አያድርም። ያን ቀን ግን አልወረወርኩትም። ጥቀርሻ በዘይት ለውሼ ስንጥቁን ሞላሁበትና መልሼ ሰቀልኩት። ለማንም አልተናገርኩም።

ክሱን አሰማሁ። ፈንታው ካደ። ሼህ ይማም ጢማቸውን እየዳሰሱ ሰሙና ወደ እኔ ዞሩ።

«የሺ ልጄ፣ ምስክር የለሽም። ነጥቡን መታሁ የምትይው አንች ብቻ ነሽ። እንግዲህ ያለው መሐላ ነው። በምን ይማልልሽ?»

እኛ ዘንድ ከሳሽ ነው መሐላውን የሚመርጠው። ሁሉም «በሚካኤል ታቦት» እንደምል ጠብቀው ነበር። ፈንታውን አየሁት፤ ከንፈሩ ደርቋል።

«በታቦት አይማልልኝ» አልኩ። «በሐሰት ቢምል ኃጢአቱ ለኔም ይተርፋል። በቡሶላው ይማልልኝ።»

«በቡሶላ?»

«አዎ። ያ ኢሱዙ ጎማው ይፈታል። እኔ የምሰጠውን ቡሶላ በንፋስ መፍቻው ላይ ያድርግ። መነጽር አያድርግ። ፊቱን ታደሰ እንዳስጠጋው ያስጠጋ። እቃው የኔው ከሆነና እውነተኛ ከሆነ ምን ያስፈራዋል?»

ሰዉ አጉረመረመ። አንዱ ባጃጅ ነጂ «ይቺ ሴትዮ የሐዋሳ ሐይቅ ጉማሬ ሳትሆን አትቀርም!» አለ፤ ሳቁ። ሼህ ይማም አልሳቁም።

«እንዲህ ያለ መሐላ ከአባቶቻችን አልሰማሁም፣ ልጄ።»

«የንፋስ መፍቻም በአባቶቻችን ዘመን አልነበረም፣ ሼህ ይማም። አንቱ በምን ይማልልሽ ብለው ጠየቁኝ፤ መረጥሁ።»

የፈንታው ፊት አፈር ሲመስል አያለሁ ብዬ ነበር የጠበቅሁት። የሆነው ሌላ ነው። ትከሻው ወረደለት፤ ያ የሚያምር ጥርሱ ታየ።

«በቃ ይሄ ነው?» አለ። «ኧረ ይሄማ የዕለት ሥራዬ ነው! አምጭው፣ እታለም። አምጭው!»

ያን ጊዜ ገባኝ። አያውቅም። ሰረቀ፣ ዋሸ፤ ነገር ግን በእውነት ብረት ሁሉ ብረት ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነው። የፈራው ታቦቱን ነበር። ቡሶላውን አልፈራውም። የሚያውቅ ቢሆን ኖሮ እምቢ ይል ነበር፤ እምቢታው ደግሞ ምስክሬ ይሆን ነበር። ፈቃደኝነቱ አለማወቁን መሰከረ። እዚያ ቦታ የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር፤ እኔ።

ማስቆም እችል ነበር። ሠላሳ ሦስት ቁጥሩን ከምስማሩ አውርጄ ሰጠሁት።

በሸሚዙ እጅጌ ጠረገው። አማተበ። ተንበርክኮ ዳዶው ላይ ገጠመው፤ ፊቱን አስጠጋ፤ ወደ እኔ ቀና ብሎ «ይሄን ያህል ይበቃል?» አለኝ። «ጨምር» አልኩት። ጨመረ። ጉንጩ ጎማውን ነካ።

የመፍቻውን ምላጭ ሳበ። የንፋሱ ዱላ አካባቢውን አናወጠው። ዳዶው ዝጓል፣ አልላወስ አለ። እጁን አንስቶ ትንፋሽ ወሰደና እንደገና ሳበ። ድምፁ ተለወጠ፤ እኔ ያን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ ወፍራም የነበረው እየቀጠነ ሄደ። በልቤ ያችው የሦስት ቀን ጸሎቴ ትዞራለች፤ ዓይንን በዓይን፣ ዓይንን በዓይን። ዓይኔን ጨፈንኩ። አፌ ተከፍቶ ነበር።

«አቁም!» የሚል ጩኸት ተሰማ።

ወዲያው የኮምፕረሰሩ ቱቦ ተነቅሎ እንደ እባብ እየፏጨ መሬት ላይ ተወራጨ። የነቀለው ታደሰ ነው። ዓይኔን ስገልጥ ፈንታው ወደ ኋላው ተቀምጧል፤ ቡሶላው መዳፉ ላይ ነው። ስንጥቁ ጥፍር እስኪያስገባ አፉን ከፍቷል። አንድ ዱላ ቢጨመርበት ኖሮ...

ብዙ አየው። ጣቱን አስገብቶ ዳሰሰው፤ የሞላሁበት ጥቀርሻ ጣቱን አጠቆረው። ከዚያ ወደ እኔ ቀና አለ።

«ታውቂ ነበር» አለኝ። ቀስ ብሎ ነው የተናገረው። ሌላ ሰው የሰማው አይመስለኝም።

ፊቴን ወደ ሽማግሌዎቹ አዞርኩ።

ከዚያ በኋላ ማንም ሳይጠይቀው ተናገረ። የኔን አራት ቡሶላዎች አንድ ወደ ሚሌ የሚያልፍ ሹፌር ዓይቶ ወዶ ለምኖት ገዝቷቸዋል። በምትካቸው ከዋጃ የእጅ ቡሶላ አምጥቶ፣ የተሽከርካሪ ቸርኬ በሚቀባበት ጥቁር ቀባቸው። «ልዩነቱ ቀለሙ መስሎኝ ነው፣ አባባ! በልጆቼ! ቀለሙ መስሎኝ ነው!» እያለ ሼህ ይማም እግር ላይ ወደቀ። ታደሰ ከዱካው ተነስቶ፣ ርቀቱ ገና ስላልተለካለት በእጁ አየሩን እየዳበሰ፣ መጥቶ አነሳው። እኔ አልተንቀሳቀስኩም።

ሽማግሌዎቹ በፈንታው ላይ ፈረዱ። የመፍቻውና የኮምፕረሰሩ ድርሻው ለታደሰ እንዲሆንና እሱ ከታደሰ በታች እንዲሠራ ወሰኑ፤ ፈንታውም ተቀበለ። ቆቦም «እህቱ አሳወረችው» ማለቱን ተወ። ስሜ ነጻ። ሊያበቃ ይገባው ነበር።

ሼህ ይማም ግን ስሰናበታቸው እጄን ይዘው አቆዩኝ። «ልጄ፣ በታቦት ብትይው ኖሮ ደጃፉ ሳይደርስ ይናዘዝልሽ ነበር። ፊቱን አላየሽውም?»

«አይቼዋለሁ» አልኳቸው።

«እንግዲያ የፈለግሽው እውነቱን አልነበረም» አሉኝና ለቀቁኝ።

አንባቢዎቼ፣ ብረት ለምትገዙ ይህን እነግራችኋለሁ፤ ሳጥን አትግዙ፣ የምትፈልጉትን ቁጥር ብቻ ግዙ። ወፍራሙን መርጣችሁ ለስም የሚከፈለውን ተዉ። ሞረድ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሻጩ ቢጮህም ፋቁ። ስንጥቅ ያያችሁበትን በዚያው ቅጽበት ጣሉ፤ ነገ አትበሉ፤ ለሌላ ነገር ይሆነኛልም አትበሉ። እኔ ለሌላ ነገር ይሆነኛል ብዬ አስቀምጬ ነው እዚህ የደረስኩት።

ፈንታውን ይቅር ብየዋለሁ ብዬ አልዋሽም። ታደሰ ስልክ ላይ ሲስቅ በሰማሁ ቁጥር፣ ከጎኑ የፈንታው ሳቅ ሲመጣ፣ ዛሬም ጥርሴ ይነካከሳል። የበቀል ጣዕሙ ከአፌ ሙሉ በሙሉ አልወጣም፤ የሚያስፈራኝም እሱ ነው።

ሐዋሳ ተመልሼ ለንስሐ አባቴ ሁሉን ተናገርኩ። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፤ «አቁም ያልሽው አንቺ ነሽ?» ከሆንኩ ንስሐዬ አንድ ነው፤ ካልሆንኩ ሌላ ነው። መመለስ አቃተኝ። እናንተ እንደምታስታውሱት፣ አፌ ተከፍቶ ነበር፤ ከውስጡ የወጣው ያ ጩኸት ይሁን ወይስ ያችው ጸሎቴ፣ እምልላችኋለሁ፣ አላውቅም። ታደሰን ጠየቅሁት፤ «የሴት ድምፅ ሰምቼ ቱቦውን ነቀልኩ፤ አንች ነሽ እንጂ ማን ሊሆን ኖሯል» አለኝ። እሱ ግን ይወደኛል፤ ደግሞም በእኔ በኩል ያለው ዓይኑ የታሰረ ነበር። ፈንታው መፍቻው ጆሮው ሥር ይጮህ ስለነበር ከማን እንደመጣ አልሰማም። እዚያ ከቆሙት ሴቶች እኔና ሻይ ሻጯ ዘነበች ብቻ ነበርን። እሷ ከፋሲካ በኋላ ሱቋን ዘግታ ወደ ዋጃ ሄደች አሉ፤ ስልክ የላትም።

ስለዚህ በዚያ ቅዳሜ ረፋድ ቆቦ መውጫ ላይ ለነበራችሁ ነው ይህን ሁሉ የጻፍኩት። ሽንኩርት የጫንከው ሹፌር፣ ከጭነቱ ላይ የወረዳችሁ ሰዎች፣ በእኔ የሳቃችሁ ባጃጅ ነጂዎች፣ ዘነበችም የሚያነብልሽ ሰው ካገኘሽ፤ እባካችሁ፣ የጮኸችው ማን ነበረች? ፊት ለፊቴ የቆማችሁ አፌን አይታችኋል። እኔ ካልሆንኩ አንቺ አይደለሽም በሉኝ። ለማጽናናት ብላችሁ አትዋሹልኝ፤ አንዲት ሴት የአንድን ሰው ዓይን አድናለች፤ የሷን ቦታ ይዤ ንስሐ መግባት አልፈልግም።